ኪንታሮት ነው ብዬ ያሳለፍኩት ዓመት

ደሙን መጀመሪያ ያየሁት በዐቢይ ጾም ነው። ሥጋ ቤቴን ዘግቼ፣ ጠረጴዛዎቹን ቀለም እያስቀባሁ ፋሲካን የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሶፍቱ ላይ ቀይ ነገር አየሁ። በርበሬ ነው አልኩና ወጣሁ። ከሥጋ ወደ ሽሮና ቃሪያ ሲዞሩ ሆድ ይቆጣል የሚል እምነት ነበረኝ፤ ሆዴ ተቆጣ ብዬ ተውኩት። በማግሥቱ የለም። ከቀናት በኋላ ደግሞ መጣ። እንደገና ጠፋ። እንዲህ እየሄደና እየመጣ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አታለለኝ።

ስሜ እንየው ነው። የተወለድኩት ዳባት ወረዳ፣ ገጠር ውስጥ ነው። ጎንደር የመጣሁት ልማር ብዬ ነበር፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ሥራ ሳፈላልግ አንድ ዘመዳችን ሥጋ ቤቱ ውስጥ አስገባኝና በዚያው ቀረሁ። በኋላ እዚያው ጎንደር አራዳ ላይ የራሴን ከፈትኩ። ድሮ በሬ ለመምረጥ ማክሰኝት ገበያ ድረስ ራሴ እሄድ ነበር፤ ከበሬ በሬ እየዞርኩ፣ ሻኛውን እየዳበስኩ ስከራከር እውል ነበር። ሰውነቴ እየከበደ ሲመጣ ግን ሰው መላክ ጀመርኩ። እኔ ከገንዘብ መቀበያው ኋላ ካለው ወንበር ላይ ጠዋት እቀመጥና ማታ እነሣለሁ። ቤቴና ሥጋ ቤቴ የሚራራቁት በእግር ጥቂት ቢሆንም በባጃጅ ነበር የምመላለሰው።

አበላሌን አሁን ሳስበው ይደክመኛል። ጠዋት ዱለት፣ ቀን ጥብስ፣ ማታ ደግሞ ደንበኛ ሲጋብዘኝ ጥሬ ሥጋ። ሥጋ ቤት ያለው ሰው የሰውን ጉርሻ አይመልስም። አረቄውም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ሲጠራኝ ከእሱ ጋር፣ ሌላው ሲጠራኝ ከሌላው ጋር። ሲጋራም ለብዙ ዓመት አጭሼ ነው የተውኩት። ጎመን የማየው በጾም ብቻ ነበር፤ በጾምም ቢሆን ነጭ ዳቦና ፓስታ እመርጥ ነበር። ሆዴ ወደ ፊት ሲገፋ ሰው ሁሉ ሸጋ ሰው ሆነሃል፣ ተመችቶሃል ይለኛል። እኔም ደስ ይለኛል። እኛ ዘንድ ቀጭን ሰው ነው እንጂ ወፍራም ሰው ታሞ አያውቅም።

ከፋሲካ በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ። አንዳንድ ሳምንት ድርቀት ይይዘኛል፣ አንዳንዱን ሳምንት ደግሞ ተቅማጥ። ከሁሉ የከፋው ጨርሼ ወጣሁ ስል ያልጨረስኩ ይመስለኝና ተመልሼ መግባቴ ነው። የሚወጣውም እየቀጠነ ሄደ። ይህን ለማን ይነግሩታል? ለሚስቴ ለየሻረግ እንኳ አልነገርኳትም። መድኃኒት ቤት ገብቼ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ኪንታሮት አለብኝ አልኩ። ልጁም ምንም ሳይጠይቀኝ ቅባት ሰጠኝ። ኪንታሮት ያልኩት እኔው ነኝ እንግዲህ፤ ከዚያ በኋላ የሄድኩበት ቦታ ሁሉ ያንኑ ቃል ይዤ ነው የሄድኩት።

አንድ ክሊኒክ ሰገራዬን መርምረው አሜባ ነው ብለው ኪኒን ሰጡኝ። ኪኒኑ አፌን ብረት ብረት አለኝ፤ ደሙ ግን አልቆመም። ሌላ ክሊኒክ ስሄድ ታይፎይድም አለብህ ተባልኩ፤ መርፌ ተወጋሁ። ሦስተኛው ቦታ ያገኘሁት ሰው ልብሴን ሳያስወልቅ፣ ከወንበሩም ሳይነሣ፣ ኪንታሮት ነው፣ መቀመጥ አታብዛ ብሎ አሰናበተኝ። ከዚያ ከከተማው ወጣ ብሎ ኪንታሮት የሚነቅሉ ሰው አሉ ሲሉኝ እሳቸውም ዘንድ ሄድኩ። የቀቡኝ ነገር እንደ እሳት አቃጥሎኝ ለብዙ ቀን መቀመጥ አቃተኝ። ከነዚህ ሁሉ ሰዎች አንዳቸውም ቦታውን በቅጡ አላዩትም። እኔም እንዲያዩኝ አልፈለግሁም ነበርና ማንንም አልወቅስም።

በዚህ መሀል መክሳት ጀመርኩ። ደንበኞቼ ስፖርት ጀመርክ እንዴ፣ አማረብህ አሉኝ። ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ዐይኔን ያጨልመኛል። ለሥጋ ያለኝ ፍላጎት ጠፋ፤ ሥጋው ሲከተፍ ሽታው ያቅለሸልሸኝ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ሰው ሲሳሳ ወንበሬ ላይ እንዳለሁ እንቅልፍ ይወስደኛል።

የሻረግ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ሰው ሲደብቃት ዝም ብላ ማየት ታውቅበታለች። አንድ ቅዳሜ አንሶላ ልትለውጥ ስትል ደሙን አየችው። አልጮኸችም። አንሶላውን አጣጥፋ ከጎኔ ተቀመጠችና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ቀጥላ የጠየቀችኝን ግን አልጠበቅሁትም።

«አባትህ በምን ነበር የሞቱት?»

አባቴ ሲሞት ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ከታች ደም ይፈሰው እንደነበር፣ በመጨረሻ ሆዱ ተነፍቶ መብላት አቅቶት እንደነበር አውቃለሁ። የመሬት ክርክር ስለነበረበት በመተት ነው የሞተው ተባለ፤ እኛም ያንን ይዘን ቀረን። ይህን ለየሻረግ ነገርኳት። ሰኞ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠየቀችና ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄድን።

እዚያ መጠበቅ የሥራ ያህል ያደክማል። ካርድ ለማውጣት ሰልፍ፣ ለተመላላሽ ሰልፍ፣ ለላብራቶሪ ሰልፍ። ከየወረዳው የመጣው ሕዝብ ጋቢውን ደርቦ፣ ስንቁን በፌስታል ይዞ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ስም ሲጠራ ሁሉም ቀና ይላል፤ የሌላ ሰው ስም መሆኑን ሲሰማ ሁሉም ተመልሶ ያቀረቅራል። መቀመጥ ስለሚያመኝ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር። አጠገባችን የነበሩ አንዲት የወገራ ሴት ምንም ሳይጠይቁኝ ነጠላቸውን አጣጥፈው እንደ ትራስ አግዳሚው ላይ አደረጉልኝ። ሳመሰግናቸው ምነው፣ አንተ ብቻ ነህ እንዴ የታመምክ አሉኝ። ተቀመጥኩበት። እሳቸው ተጠርተው ሲሄዱ ነጠላቸውን መልሼ ሰጠኋቸው፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

የመረመረችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ሳያት አፈርኩ። እሷ ግን ምንም ሳይመስላት ጓንት አድርጋ፣ በጎኔ ተኝቼ ጉልበቴን ወደ ደረቴ እንድስብ ነገረችኝና በጣቷ መረመረችኝ። ብዙም አልቆየችም። ጓንቱን አውልቃ እጇን እየታጠበች ጠየቀችኝ።

«ጋሼ እንየው፣ እስከ ዛሬ እንዲህ አድርጎ የመረመረዎት ሰው አለ?»

«የለም» አልኳት።

 ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ አንጀቴ በውስጥ መታየት እንዳለበት ብቻ ነገረችኝ። ከምርመራው በፊት ባለው ቀን አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት ጠጥቼ ቤት ዋልኩ፤ ከምርመራው ይልቅ እሱ ነው የከበደኝ። በምርመራው ጊዜ በእንቅልፍ ልቤ ሆኜ ሐኪሟ ከረዳቷ ጋር የምትነጋገረውን እሰማ ነበር፤ ድንገት ንግግራቸው ቀነሰ። ካዩት ነገር ላይ ትንሽ ቆርጠው ለናሙና ወሰዱ።

ውጤቱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። ሥጋ ቤት እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ሰው ሲያወራኝ ከንፈሩን አያለሁ እንጂ አልሰማም። የሻረግ የተማሪ ደብተር ስታርም አንዱን ገጽ ብዙ ጊዜ ስታየው አይ ነበር። ሁለታችንም የምናስበውን ቃል አልተናገርነውም።

ሐኪሟ ግን ተናገረችው። ካንሰር ነው፤ የትልቁ አንጀት የመጨረሻው ክፍል ላይ፣ ወደ መውጫው ተጠግቶ። ቀጥላ ብዙ ነገር ጠየቀችኝ። ዕድሜዬን፣ አበላሌን፣ መጠጥና ሲጋራዬን፣ ስንት ሰዓት እንደምቀመጥ፣ ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም እንደነበረ። ስመልስላት የራሴን ክስ የማነብ መሰለኝ። ሥጋው ነው ወይ የገደለኝ ብዬ ጠየቅኋት። እሷም እንዲህ ስለሆነ ነው ብሎ በአንድ ነገር ላይ መፍረድ የሚችል ሐኪም የለም አለችኝ። ሥጋ ማብዛት፣ መጠጥ፣ ሲጋራ፣ ውፍረት፣ ሳይንቀሳቀሱ መዋል፣ አትክልትና ጥራጥሬ ማጣት፣ እያንዳንዳቸው ዕድሉን ከፍ ያደርጉታል፤ ዕድሜም ሲጨምር እንደዚሁ። በዚህ ላይ ከቤተሰብ የሚወረስ አለ። እንደ እኔ የኖረ ብዙ ሰው ሳይነካው ያልፋል፤ እንደ እኔ ያልኖረም ይታመማል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአንጀት ግድግዳ ላይ ከምትበቅል ትንሽ እብጠት ነው፤ ያቺ ወደ ካንሰር እስክትለወጥ ዓመታት ይፈጅባታል፣ በጊዜ ከተገኘች በዚያው ቱቦ ተቆርጣ ትወጣለች። የእኔ ያ ጊዜ አልፏል። ሆኖም ወደ ጉበትና ሳንባ ሲሄድ አልታየም። ቀዶ ጥገና ከተደረገ ተስፋ አለ አለችኝ።

ተስፋ የሚለውን ቃል ይዤ ልነሣ ስል የቀረውን ነገረችኝ። ዕጢው ለመውጫው በጣም ስለቀረበ ያ ክፍል በሙሉ መነሣት አለበት። ከዚያ በኋላ ሰገራ የሚወጣው ሆዴ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው፤ እዚያ ላይ ከረጢት ይለጠፋል። እስከ መቼ ነው ስላት ሁልጊዜ ነው አለች።

እምቢ አልኩ። በቁጣ አልነበረም፤ ደክሞኝ ነበር። ሥጋ ቤት ያለው ሰው፣ ሰው ፊት የሚቆም፣ ማኅበር የሚጠጣ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሰው ሆዱ ላይ ሰገራ ተሸክሞ አይዞርም አልኩ። ጸበል ሄድኩ። ጸበሉ ልቤን አሳረፈልኝ፤ ደሙ ግን እንደነበረ ነው። የሻረግ መጀመሪያ አብራኝ ሄደች። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ቤታችን ውስጥ ንግግር አለቀ። ትምህርት ቤት ውላ ትመጣለች፣ ምግብ ታቀርባለች፣ ትተኛለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ሳልጠይቃት መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«እንየው፣ እኔ ከረጢት ካለው ሰው ጋር መኖር እችላለሁ» አለችኝ። «ልቅሶ ተቀምጬ በምን ሞተ ሲሉኝ አፍሮ ነው ብዬ መመለስ ግን አልችልም።»

 በማግሥቱ ወደ ሆስፒታሉ ተመለስን። ሐኪሟ አልገሠጸችኝም። ተመላላሽ ክፍሉ ደጃፍ ላይ የተቀመጡ አንድ ሰው ጠራችና አስተዋወቀችኝ። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ሱፍ ለብሰዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል። ለክትትል ነው የመጡት። አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ትንሽ አወራን። ከዚያ ቀስ ብለው እስቲ በየት በኩል እንዳለ ንገረኝ አሉኝ። ምኑ አልኳቸው። ከረጢቱ አሉኝ። ከላይ እስከ ታች አየኋቸው። ምንም አይታይም፣ ምንም አይሸትም። ሳቁና እጄን ይዘው በግራ ጎናቸው፣ ከሸሚዛቸው በላይ አስቀመጡት። አንድ ለስላሳ ነገር ነካኝ። እሱን ይዘው ሁለት ልጅ መዳራቸውን ነገሩኝ።

የቀረኝ የቤተ ክርስቲያኑ ነገር ነበር። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩና ከሆዴ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እየወጣ እንዴት ደጀ ሰላም እገባለሁ ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ሰው ሁሉ በሆዱ ይዞት ነው የሚገባው። ያንተ የሚታሰረው በውጭ በኩል ነው። አጽድተህ፣ ደህና አድርገህ አስረህ ግባ። ቁስሉ እስኪደርቅ ብቻ ከውጭ ሆነህ አስቀድስ፤ ለቁርባኑ ጊዜው ሲደርስ እንነጋገራለን።»

ከዚያ ወጥቼ ግንቡን ተደግፌ አለቀስኩ። የደስታ ይሁን የድካም ለይቼ አላውቀውም።

ቀዶ ጥገናው በግንቦት ተደረገ። ከማደንዘዣው ስነቃ የጠየቅሁት ውኃ ነው። ሆዴን ለማየት ብዙ ቀን ፈጀብኝ፤ ነርሷ ከረጢቱን ስትለውጥ ፊቴን ወደ ግድግዳው እመልስ ነበር። የሻረግ ግን አጠገቧ ቆማ ቆዳው እንዴት እንደሚጸዳ፣ ቀዳዳው እንዴት እንደሚለካ፣ እንዴት እንደሚለጠፍ ትማር ነበር። ቤት ከገባን በኋላ የመጀመሪያውን የለወጠችልኝ እሷ ናት። ሥራዋን ጨርሳ እጇን ታጥባ ስትመለስ ገበያ ውላ እንደመጣች ሰው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራኝ ጀመር። ሆን ብላ ነው። ከዚያ በኋላ ራሴው መለወጥ ተማርኩ።

ኬሞ የሚባለው መድኃኒት ቀጠለ፤ ተደብቆ የቀረ ካለ እንዲያጠፋ በደም ሥር የሚሰጥ ነው። ጣቶቼ ቅዝቃዜ አይችሉም ነበር፤ ቀዝቃዛ ውኃ ስነካ እንደ መርፌ ይወጋኛል። አፌ ቆሰለ። አልጋ ከሌለ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር የምንወስደው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ቆይ ይባላል፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ መድኃኒቱ አይመጣም። አንዳንዱ ቀን ጠዋት ሄጄ ምንም ሳልወስድ ማታ እመለሳለሁ። ከረጢቱም ከከተማው ይጠፋል፤ ሲጠፋ የሻረግ ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ስትዞር ትውላለች። ሥጋ ቤቱን ለሸሪክ ሰጠሁ። ያለንን አብዛኛውን ሕክምናው ወሰደው፤ ስለሱ ማውራት አልፈልግም።

ሐኪሟ ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ ነገር ትደጋግምልኝ ነበር። አባቴም በዚህ የሞተ ስለሚመስል፣ ወንድምና እኅት ካሉኝ ምንም ሕመም ባይሰማቸውም በቱቦው መታየት አለባቸው፤ ልጆቼም ጊዜያቸው ሲደርስ፣ ሌላው ሰው ከሚጀምርበት ዕድሜ ቀድመው። እኅት የለኝም። ያለኝ አንድ ታላቅ ወንድም ነው፣ አያ ታከለ፤ አሁንም አባታችን ያረሰውን መሬት ያርሳል።

አያ ታከለ ሊጠይቀኝ ማር ይዞ መጣ። እሱን ያየ ሰው ይታመማል ብሎ አያስብም። ቀጭን ነው፣ ዳገቱን ሲወጣ እስከ አሁን ወጣት ይቀድማል። የሚበላው ገብስና ባቄላ ነው፤ ሥጋ በዓመት በዓል ካልሆነ አያይም። ሲጋራ ነክቶ አያውቅም። ታይ ስለው ሳቀብኝ። እኔ እንዳንተ ሥጋ ቤት አልዋልኩ፣ ምን ሆኜ ነው የምታየው አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም በልቤ እንዲያ ነበር የማስበው። ደግሞም እንዲያ ያለ ቦታ ማንም አይነካኝም አለ። በሌላ ጊዜ ደወልኩለት፣ አዝመራ ነው አለኝ። ደግሜ ደወልኩለት፣ ጾም ነው አለኝ። ሚስቱ ግን ስልኩን ተቀብላ፣ አንዳንድ ጊዜ ሆዱን ይዞ ይቀመጣል፣ እኔ እንደነገርኩህ ግን እንዳትነግረው አለችኝ።

ኬሞው ካለቀ በኋላ፣ መራመድ ስችል፣ በሚኒባስ ዳባት ድረስ ሄድኩ። መንገዱ ሰውነቴን ፈተነው። አያ ታከለ በረት አጠገብ ቆሞ ነበር። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ወደ ቤት ግባ ሲለኝ አልገባሁም። ሸሚዜን ከፍ አድርጌ ከረጢቱን አሳየሁት። እስከዚያች ቀን ከሚስቴና ከሐኪሞች በቀር ለማንም አላሳየሁም ነበር።

«አያ፣ ይኸንን እየው» አልኩት። «ባንተ ላይ ይኸ እንዳይሆን ነው የመጣሁት። ሌላ ነገር የለኝም።»

ለረጅም ጊዜ አየው። ፊቱን አላዞረም። በመጨረሻ ራሱ እጁን ዘርግቶ ሸሚዜን ወደ ታች መለሰልኝ።

«ያማል?» አለኝ።

«አሁን አያምም።»

«መቼ ነው የምሄደው?»

ቀጠሮ ያዝንለት፤ መንገዱ ተዘጋና አለፈው። እንደገና ያዝንለት። በመጨረሻ መጥቶ እኛ ቤት አደረ፤ የሚያጥበውን መድኃኒት እየጠጣ ቀኑን ሙሉ ረገመኝ። ሲታይ ሁለት እብጠቶች ተገኙ። እዚያው ተቆርጠው ወጡ። የናሙና ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ካንሰር እንዳልሆኑ ነገረችን፤ አንደኛዋ ግን በጊዜ ባትወጣ ኖሮ ወደዚያው ታመራ ነበር አለች። በተቀጠረለት ጊዜ እየተመለሰ ከታየ የሚያስፈራው ነገር አነስተኛ ነው። ደረጃውን ስንወርድ አያ ታከለ ወደ ሐኪሟ ክፍል ዞር ብሎ አየ። ይቺ ልጅ የማን ልጅ ናት፣ እግዜር ይስጣት ብቻ አለ።

እኔ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሁለት ክረምት አልፎኛል። በየጊዜው እታያለሁ፤ እስከ አሁን የተመለሰ ነገር የለም። ድነሃል ብለው ግን አልነገሩኝም፤ «እየተከታተልን ነው» ነው የሚሉኝ። ጠዋት ጠዋት በእግሬ እወጣለሁ፤ ድሮ ባጃጅ የምይዝበትን መንገድ በዝግታ እሄደዋለሁ። ጎመን፣ ምስር፣ የገብስ ቂጣ እበላለሁ፤ ሥጋ አልፎ አልፎ፣ ጥቂት። አረቄ ትቻለሁ። ይህን ሳደርግ ደስ እያለኝ አይደለም፤ ብዙ ቀን ይሰለቸኛል። ድካሙም አልለቀቀኝም። ጤነኛ ስትመስል ብለው የሚያደንቁኝ ሰዎች ከሰዓት በኋላ ምን እንደምመስል አያዩም።

ይህን የምታነብ ሰው፣ ከታች ደም ካየህ፣ የሆድህ ልማድ ተለውጦ ሳምንታት ካለፉ፣ ሳትፈልግ ከከሳህ፣ ስሙን ራስህ አትስጠው። ኪንታሮትም ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ኪንታሮት ነው። ግን የሚያውቅ ሰው አይቶ፣ ነክቶ ይንገርህ። ሳያይ የሚነግርህ ካጋጠመህ ተነሥተህ ሌላ ዘንድ ሂድ። ወላጆችህ በምን እንደሞቱም ጠይቅ፤ ሽማግሌዎቹ ሳያልቁ።

ባለፈው በገጠሩ ቤተ ክርስቲያን የማርያም ማኅበር የአያ ታከለ ተራ ነበር። እኔና የሻረግ ሄድን። ጠላው ቀርቦ፣ ጸሎቱ ደርሶ ሰዎቹ ሲጨዋወቱ አያ ታከለ ተነሣ። ሰው ፊት መናገር አይወድም፤ ሚስቱም ደንግጣ አየችው። አባታችን በመተት አለመሞቱን፣ እኔን የያዘኝ ምን እንደሆነ፣ እሱ ራሱ እንዴት እንደታየ፣ ቱቦው በየት እንደገባ ሳይቀር አንድ በአንድ ተናገረ። አንዳንዶቹ ሳቁ። «ሳቁ፣ እኔም ስቄ ነበር» አለ፤ «ግን ደም ያየ ሰው ካለ ይናገር።» ከዚያ ተቀመጠ። ጨዋታው ወደ ዝናቡ ዞረ።

ሲመሽ ወደ መኪናው መንገድ አብረውን የወረዱ አንድ ጎረቤት ነበሩ፤ አያ መልኬ የሚባሉ፣ የአባታችን እኩያ ልጅ። ሚስቴ ወደ ፊት እስክታልፍ ጠበቁና ክንዴን ያዙኝ። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ያቺ ሐኪም» አሉኝ፣ «የምትገባው በየትኛው ቀን ነው?»